ጀርባቸውን ለሜዳው የሰጡ ሰው

በየትኛውም የኳስ ሜዳ፣ ሣር ይኑረው አሸዋ፣ አንድ ተቃዋሚ አይጠፋም። ዳኛውን አይደለም የሚቃወመው፤ ዳኛንማ ሁሉም ይሰድባል። እሱ የሚቃወመው ጨዋታው ራሱ መኖሩን ነው፤ ለመቃወም ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ሜዳ ይደርሳል።

ዓረብኛ በሚነገርበት የስደት ከተማ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የያዙት ፍሪጅ ጠጋኙ ክቡር አቶ ወልደሥላሴ ነበሩ። ትልልቆቹ ክለቦች የወጣት ቡድኖቻቸውን በሦስተኛ ዲቪዚዮን እንዲያጫውቱ በተፈቀደበት ዓመት፣ ክቡርነታቸው በገመድ የተጠለፈችውን በንበራቸውን፣ ያችን የሻይ ሻጮች አጭር በርጩማ፣ መስመሩ ዳር አምጥተው አዞሯት። ፊታቸው ወደ ተመልካቹ፣ ጀርባቸው ወደ ሜዳው። የትልቅ ክለብ ልጆች በመጡ ቁጥር እንዲህ ነው የሚቀመጡት።

«ወልዴ፣ ካላየህ ምን ያመጣሃል? ቤትህ አትቀመጥም?» ይላቸዋል የዕድሜ ጓደኛቸው ገብረየስ።

«ቤቴ ብቀመጥ መቃወሜን ማን ያያል?»

የወልደሥላሴ ክርክር አጭር ነው። «እነዚህ ልጆች ቢያሸንፉ ወደ ላይ አያድጉም፤ ላይ ታላላቆቻቸው ተቀምጠዋል። ቢሸነፉ አውቶቡሳቸው ይወስዳቸዋል፣ ራታቸውን በልተው ይተኛሉ። ማን ያለቅሳል? ከማያለቅስ ጋር ኳስ አይገጠምም። ኸላስ፣ አለቀ።»

«ማን ያለቅሳል?» የማይገባበት ቦታ አልነበረም። የሀብታሞቹ ሰፈር ካፉሪ፣ ሦስት ፍሪጅ ያለው ቤት ሥራ ሲጠሩ እንኳ፣ «አንዱ ቢበላሽ ማን ያለቅሳል?» ብለው ቀሩ። የትልቅ ክለብ ልጆች ጎል ሲያገቡ፣ ጢማቸውን እያሻሹ «በእኔ በኩል አልተመዘገበም» ይላሉ። አንድ ቀን ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ተነስቶ፣ ሕዝቡ ሁሉ ከአቧራው ሽሽት ለሜዳው ጀርባውን ሲሰጥ፣ «በመጨረሻ ነገሩ ገባችሁ» አሉ።

ገብረየስ በወጣትነቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ጽናት ብዙ አንብቧል። የሰው አንገት እንዲህ ሲጸና ያየው ግን እዚህ ነው።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ መጣ። የሰፈሩ ቡድን ከተሸነፈ ይወርዳል። ተጋጣሚው የትልቅ ክለብ ወጣት ቡድን፣ ግራ ክንፉ ደግሞ ሙባረክ ነው። ሙባረክ የዘሃራ ልጅ ነው። እናቱ ከወሎ መጥታ ካፉሪ ሰው ቤት ስትሠራ፣ እሱ ቀኑን የሚውለው ወልደሥላሴ ሱቅ ነበር። ኳስ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፣ ሁለት የሞቱ ፍሪጆች ጎል አድርገው። ክለቡ ከወሰደው ወዲህ ሲጫወት አላዩትም።

ዘሃራ ከእመቤቷ ፈቃድ ለምና መጥታ፣ ከተመልካቹ መሀል ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ ወልዴ፣ ዛሬን እንኳ ይዙሩለት። ያሳደጉት ልጅ አይደለም?»

«አንቺን እያየሁ ነው ዘሃራ። ይበቃኛል።»

ገብረየስ ቀልድ መስሎት ነበር። ጨዋታው ተጀምሮ ዘሃራ የሻሿን ጫፍ ስትነክስ፣ ወልደሥላሴ ፊቷን እያዩ በለሆሳስ «ያዛት» አሉ። አገጯ ቀና ሲል «አለፈው። ወደ ውስጥ ግባ፣ አትቸኩል» አሉ። ገብረየስ ዞር ብሎ ወደ ሜዳው ቢያይ፣ ልጁ በእርግጥም ወደ ውስጥ እየገባ ነው። አዛውንቱ የበንበሯን ገመድ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል፤ አንገታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ገብረየስ ጸጉሩ ቆመ። አንድ ሰው የሚወደውን ላለማየት ይህን ያህል ሲታገል፣ ይህን ያህልም ሲያይ ገጥሞት አያውቅም።

ከዚያ የዘሃራ ፊት እንደ መብራት ቦግ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። በመጨረሻው ደቂቃ ልጇ ጎል አገባ። ሰፈሯ ወረደ።

ሰው ሁሉ «አልተመዘገበም» የምትለውን ቃል ቢጠብቅም፣ ወልደሥላሴ ጢማቸውን እንኳ አላሻሹም።

ፊሽካው እንደተነፋ ሙባረክ በንበሯን ዞሮ መጥቶ ፊታቸው ቁጢጥ አለ። አቧራ በለበሰው ጉንጩ ላይ እንባው መንገድ አውጥቷል።

«ዓሚ ወልዴ፣ ማሌሽ፣ ይቅርታ» አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «ሰፈራችን እኔ አወረድኩ። ወላሂ፣ እግሬ ነው የመታ።»

በአውራ ጣታቸው ጉንጩን ጠረጉለት። ጣታቸውን አዩት፤ ርጥብ ነው።

«እንግዲያው ጨዋታ ነበር» አሉ። «ጎልህ ተመዝግባለች። ክለብህን ግን እቃወማለሁ።»

በሚቀጥለው ዓመት የሰፈሩ ቡድን አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎም አልዳነም፤ የሌላ ትልቅ ክለብ ልጆች በአውቶቡስ መጡ። ወልደሥላሴ በንበራቸውን አዞሩ። ገብረየስም የራሱን አምጥቶ ከጎናቸው አስቀመጠ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ ገብሬ? ትቃወማለህ እንዴ?»

«የለም» አለ ገብረየስ፣ ፊት ለፊቱ የተደረደረውን ሕዝብ ፊት አንድ በአንድ እያነበበ። «ጨዋታ ለማየት ነው የመጣሁት።»