አምስት ሽማግሌ የሚችል አግዳሚ

ቀረብ በሉማ! አንተ በር ላይ የቆምከው፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ። ስልክ የያዛችሁ ስልካችሁን ድፉት። እኔ ሳወራ መሳቅ ይፈቀዳል፤ ማቋረጥ ግን ሐራም ነው። አዋቂ ነኝ የሚል ካለም ዕውቀቱን ከጫማው ጋር ደጅ አውልቆ ይግባ። ጸጥ! እንዲያ ነው።

በዚህ ዓለም ማሳጠር ቀላል ነው። ሱሪ ረዘመብህ? መቀስ አለ። እንጨት ረዘመብህ? መጋዝ አለ። ሰው ወሬ አስረዘመብህ? ሰዓትህን አየት ታደርጋለህ፣ ይገባዋል። (እኔ ላይ አትሞክሩት፣ አይገባኝም።) መከራው ማስረዘም ነው! ያጠረን ነገር ማን አስረዝሞ ያውቃል? ሴቶቹ ፀጉር ቀጥለው ያስረዝማሉ፣ እሱም ነፋስ እስኪመጣ ነው። እኔ ግን ኮምፔርሳቶ አስረዘምኩ። ኮምፔርሳቶ ታውቃላችሁ፣ ያ ስስ ስሱ እንጨት እንደ ቂጣ ተደራርቦ በኮላ የሚጣበቀው። ፋብሪካው የሚያውቀው ልክ አንድ ነው፤ ሁለት ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ከዚያ በላይ ካማረህ መቀጠል ነው። መቀጠል ደግሞ ጥበብ ይፈልጋል፤ ጥበብ ደግሞ፣ ማሻአላህ፣ እኔ ጋ ሞልቶ ነበር። ነበር እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ እንድሪስ አንዲት ሴት ልጅ አለችው፣ ሀዋ ትባላለች። ጨፋ ሮቢት ታስተምራለች፣ ጠዋት በሚኒባስ ሄዳ ማታ ወደኛው ከሚሴ ትመለሳለች። እዚያው ሮቢት የከብት ሐኪም የሆነ ጀማል የሚባል ልጅ ወደዳት። እሷም ወደደችው። እንድሪስ ግን አልወደደም። ለምን ስትለው «ልጁ በግ በግ ይሸታል» ይልሃል። አሁን ይሄ ምክንያት ነው? እንድሪስ ራሱ ሰንበቴ ገበያ ፍየል የሚነግድ ሰው ነው! አንተስ ሽቶ ሽቶ ነው የምትሸተው ልለው አፌ ላይ መጥቶ ስንቴ ውጬዋለሁ። ታላቅ ነዋ።

እውነተኛውን ምክንያት እኔ አውቀዋለሁ። የሀዋ እናት ካረፈች ወዲህ የዚያ ቤት ድምፅ ሀዋ ብቻ ናት። እሷ ከወጣች እንድሪስ ማታ ማታ ከግድግዳ ጋር ነው የሚያወራው። ይሄን ግን በአፉ አይናገርም። ይሄን ከሚናገር አገሩን በሙሉ በግ በግ ይሸታል ቢል ይቀለዋል።

የጀማል ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ለሦስተኛው ሲልኩ አስጠንቅቀው ላኩ፤ «እኛም እግር አለን፣ እግራችንም ያረጀ ነው፤ ይሄ የመጨረሻው ነው» አሉ። ከዚህ በኋላ የለም ማለት ነው። ሀዋ ቤቴ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እንድትገባ ብለምናት አልገባ አለች። «አጎቴ፣ ነገ ካልሆነ በቃ አይሆንም» አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፣ አሾፍባትና አስቃት ነበር። ደርቃ ስትቆም ምን አደርጋታለሁ?

እኛ ጋ ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ገብተው ዝም ብለው አይቀመጡም። ባለቤቱ «ታኣ» ይላቸዋል፤ «ሂን ቴኙ» ይላሉ። ተቀመጡ፣ አንቀመጥም ነው ነገሩ። የመጣንበት ሳይሆን አንቀመጥም እያሉ ይቆማሉ። ቁጭ ካሉ ግን አለቀ፤ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው፣ እጅ አንስቶ የፋቲሃውን ዱዓ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ መቀመጫው ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። አንዱን ሶፋ ላይ አንዱን በርጩማ ላይ ብታስቀምጥ፣ በርጩማ የደረሰው ሰውዬ ሰባት ዓመት አይረሳውም። አምስቱም እኩል፣ ባንድ ረድፍ፣ ባንድ ከፍታ። የእንድሪስ ቤት ደግሞ ያለው አንድ የጎደጎደ ሶፋና ሁለት ፕላስቲክ ወንበር ነው።

ከቅሬው፣ ከመንደሩ ዕድር፣ ወንበር ለምን አትዋሱም ትሉኛላችሁ። ያቺ አፏን ልትከፍት የነበረችው እሱን ልትል ነበር። ከቅሬ ወንበር ያወጣህ እንደሆነ ከሚሴ በሙሉ፣ «ማን ሞተ? ማን አገባ?» እያለ ደጅህ ላይ ይደርሳል። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ይጠይቅሃል። ነገሩ ከተበላሸ ደግሞ ልጅቷ ሦስት ጊዜ የተመለሰች ተብላ ገበያ ለገበያ ትወራለች። በዝምታ ነበር መሠራት ያለበት። በዝምታ ሥራ ሲባል ማን ትዝ ይላል? እኔ!

«አብሽሪ» አልኳት፤ «ለአምስት ሽማግሌ አንድ አግዳሚ እሠራለሁ፣ አባትሽ አይቶት በደስታ እንዲሰጥሽ።»

ቤቴ ክፍል ከከፈልኩበት የተረፈ ወፈር ያለ ኮምፔርሳቶ ነበረኝ። አራት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ አንድ ሜትር ተኩል። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ ብትገጥም ሦስት ሜትር፤ ከሥራቸው ሌላ ሁለት ብትደርብ ደግሞ ድርብ ሦስት ሜትር። ሒሳቡን ልብ በሉልኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አምስተኛንም በበሩ አልፌያለሁ።

ኮላ ልገዛ ስወጣ አስፋልቱ ዳር ጋሽ ተስፋዬ ጋ ጎራ አልኩ። ጋሽ ተስፋዬ አናጢ ነው፣ ያውም የሚሠራ አናጢ። ያሰብኩትን ስነግረው እርሳሱን ከጆሮው አነሳና መልሶ ሰካው። «ሙሄ» አለኝ፣ «የላይኛው መጋጠሚያና የታችኛው መጋጠሚያ አንድ ቦታ እንዳይውሉ። ጡብ ሲደረደር አይተህ የለም? ክፍተቱ ሙሉው ላይ ነው የሚያርፈው። ከታች ካሉት አንዱን ለሁለት ቁረጠውና ዳርና ዳር አድርገው፤ ሙሉው መሐል ይግባ። ኮላውን ደሞ በድንጋይ ተጭነህ አሳድረው። መሐሉ ላይም እግር አትርሳ።»

«አብሽር፣ ጋሽ ተስፋዬ» አልኩት። አብሽር እኔ ስለው ሰምቼሃለሁ፣ ግን አላደርገውም ማለት ነው።

አሁን ፍረዱኝ። እኔ የመጣሁት እንጨት ላስረዝም ነው። ለማስረዘም ብዬ ጤነኛ እንጨት ልቆርጥ? እብድ ነኝ? አናጢ ሁሉ ነገር ያወሳስባል፣ ቀላል ከሆነ ማን ይጠራዋል ብዬ ሄድኩ። አራቱንም እንዳሉ ገጠምኳቸው፤ የላይኛው ስንጥቅ በታችኛው ስንጥቅ ላይ፣ ፀጉር ሳያልፍ፣ ልክ መሐል ላይ ዋለ። ደግሞ ሲያምር! እግሩን ዳርና ዳር አቆምኩ። መሐል ላይ እግር አስቀያሚ ነው፣ የሽማግሌ ካልሲ ይይዛል። ሀዋ አንዱን ጫፍ ይዛልኝ ነበር፤ እጇ በኮላ ተለቅልቆ፣ «አጎቴ፣ እስከ ነገ ይደርቃል?» አለችኝ። አሁን እስቲ ይሄ የከሚሴ ሰው ጥያቄ ነው? የከሚሴ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ እንቁላል ይጠብሳል፣ ኮላ ማድረቅ ያቅተዋል? ድንጋዩን ተውኩና በማግስቱ ረፋድ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ተርፎ የወጣው ኮላ በአንድ ሰዓት እንደ ጥፍር ደረቀ። ነካሁት፤ ኳ ኳ አለ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ምንጣፍ አልብሼ የእንድሪስ ሳሎን ውስጥ አስገባሁት።

እንድሪስ አየውና፣ «ማን ሠራው?» አለ። «ማን ይሠራዋል?» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። ይቺ ደረት ናት ኋላ ያስቸገረችኝ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ሁለት ባጃጅ ደጁ ላይ ቆሙ። አምስት ሽማግሌ ወረዱ። ዋናው ሼህ ከድር ናቸው፤ ከመክሳታቸው የተነሳ የያዙት ከዘራ ከሳቸው ይወፍራል። ከጎናቸው ደግሞ የሰንበቴ የግመል ነጋዴ ሐጂ አብዱ፤ እሳቸው የመጡበት ባጃጅ ሲወርዱ ከፍ አለ። ገቡ። ሰላምታው ራሱ፣ በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ዞሮ በዓረብኛ እስኪያልቅ፣ አንድ ረከዓ ያሰግዳል። ከዚያ ቆሙ።

«ታኣ» አለ እንድሪስ። «ሂን ቴኙ» አሉ። ነገራቸውን ሼህ ከድር በቀስታ ተናገሩ፤ ሦስተኛ መምጣታቸው መሆኑን፣ ልጁ ሶላቱን የማያጓድል መሆኑን፣ ቤት መሥራቱን። እንድሪስ መሬት መሬቱን አየ። እኔም አላቋረጥኩም፣ ልብ በሉ፣ እኔ! በመጨረሻ እንድሪስ በጣም በቀጠነ ድምፅ፣ «እሺ… ተቀመጡ» አለ።

መጋረጃው ተነቃነቀ። ሀዋ ከኋላው እንዳለች አውቃለሁ።

አምስቱም «ቢስሚላህ» ብለው ባንድነት ተቀመጡ። ለትልቅ ሰው መሐሉ ነው የሚለቀቀው፤ ሼህ ከድር ልክ የኔ መጋጠሚያ ላይ፣ ሐጂ አብዱ አጠገባቸው። አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ወላሂ፣ ያምር ነበር። ከዚያ «ጧ!» አለ። አግዳሚው መሐሉ ላይ ታጠፈና፣ ከዳር የነበሩት ወደ መሐል እየተንሸራተቱ፣ አምስቱም ባንድ ላይ ተከመሩ። ከላይ የማን ጥምጣም እንደሆነ፣ ከታች የማን እግር እንደሆነ አይለይም። ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳ አልሳቅኩም።

አንድ በአንድ ጎትተን አወጣናቸው፤ ሼህ ከድር ብቻ «ተውኝ፣ ወገቤን ላሳርፍ» ብለው መሬት ላይ ቀሩ። አልሐምዱሊላህ፣ የተጎዳ የለም። እንድሪስን አየሁት። የደነገጠ መስሎኝ ነበር፤ ሸክም የወረደለት ሰው ፊት ነው ያየሁት። «አያችሁ?» አለ፤ «እኔ ፈቅጄ ነበር፣ አላህ አልፈቀደም። ምልክት ነው ይሄ። ሦስት ጊዜ መጣችሁ፣ ወንበሩ እንኳ አልተቀበላችሁም።»

ሐጂ አብዱ ጋቢያቸውን እያራገፉ፣ «ተቀምጠናል! የተቀመጠ ተቀመጠ ነው፤ ልጅቷ የኛ ናት» አሉ። «አልተቀመጣችሁም፣ ወደቃችሁ» አለ እንድሪስ። «ሳይቀመጥ የሚወድቅ ሰው ታውቃለህ? ከተቀመጥን በኋላ ነው የወደቅነው!» እሱ ምልክት ይላል፣ እሳቸው ቁጭ ብለናል ይላሉ።

ዘወር ስል መጋረጃውን የጨበጡ ጣቶች አየሁ። የኔው ኮላ ጣቶቿ ላይ እንደ ቅርፊት ደርቋል። እንጨቱ መሐል መድረቅ ያቃተው፣ የልጅቷ እጅ ላይ ደርቆ ቀረ!

እኔ በሕይወቴ ያለኝ ሀብት አንድ ነው፤ ሙሄ እጁ ወርቅ ነው የሚለው ስም። ስሙን ያወጣሁትም እኔ ነኝ፣ ያስወራሁትም እኔ። ግን ምን ይደረግ? «አያ እንድሪስ» አልኩ፣ «ምልክት አይደለም። እኔ ነኝ። ጋሽ ተስፋዬ መጋጠሚያውን አዛንፈው ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። ኮላውን በድንጋይ ተጭነህ አሳድረው ብሎኝ ነበር፣ አልተጫንኩትም። እኔ አናጢ አይደለሁም።»

እንድሪስ አላመነኝም። «ለሷ ብለህ ነው የምትዋሸው» አለ። «ያንተ ሥራ ተሰብሮ አያውቅም፣ አንተው አይደለህ የምትለው?» አያችሁ መከራዬን? ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ያመነኝ ወንድሜ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር ውሸታም አለኝ!

ስለዚህ መዘርገፍ ጀመርኩ። «የኔ አልጋ በአራት ድንጋይ ነው የቆመው» አልኩ። «የቤቴ በር በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም» ብዬ ቀጠልኩ። «ያ የፍየሎችህ በረት በር…» አልኩና ዋጥ አደረግኩ፤ «ጅብ አይደለም የሰበረው። እኔ ስዘጋው ነው የወደቀው።» እንድሪስ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ያን ጅብ ለማደን አንድ ሳምንት ሙሉ ከነባትሪው ጫካ ለጫካ ሲዞር ከርሟል። ሐጂ አብዱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ሮቢት ሩቅ አይደለም» አልኩት ቀስ ብዬ። «ሚኒባስ ላይ ወጥተህ ወሬ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። እኔም እዚሁ ነኝ፤ ማታ ማታ እየመጣሁ አደነቁርሃለሁ።» ዓይኑ ውኃ ያዘ። ግን ድርቅ ያለ ሰው ነው፤ ወንድሜ አይደል? «ያም ቢሆን» አለ፣ «አንተን ያሳሳተህ አላህ ነው። ምልክቱን ባንተ እጅ ሊሰጠኝ ነው።»

ይሄን ጊዜ ሼህ ከድር መሬት ላይ ቁጭ እንዳሉ የተገነጠለውን ኮምፔርሳቶ ወደሳቸው ሳቡት። መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ኮላው እንደ እርጎ ተከተላቸው። አሸተቱት። ጣታቸውን በምንጣፉ ጠረጉና ቀና ብለው፣

«እንድሪስ፣ የአላህን ስም አታጥፋ!» አሉት። «እንዲህ ያለ ሥራ እሱ አይሠራም። በል እጅህን ለዱዓ አንሳ።»