አያ ቢያዝንና ከፓርክ የማይወጣው ድንጋይ

ሙግተኛ የሌለበት ቀበሌ የለም። አለ ከተባለም፣ ወይ ሰው አልሰፈረበትም፣ ወይ ሙግተኛው ለጊዜው ጎንደር ፍርድ ቤት ወርዷል። ጣና ዳር ያለችው የአባይነሽ ቀበሌ በዚህ ጸጋ ከማንም አታንስም፤ አያ ቢያዝን አሉላት።

አያ ቢያዝን፣ የተቃውሞ ሊቀ ሊቃውንት፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ሲነሡ፣ ሊቀ መንበሯ አባይነሽ ስብሰባው በጊዜ ያልቃል የሚለውን ተስፋዋን ትቆርጣለች። ንግግራቸው መነሻው አንድ ነው፤ «ሸጋ ነው፤ ግን አይሆንም።» ምኑ እንደማይሆን ገና አላሰቡበትም። እሱ ሲናገሩ ይመጣል።

የጎረቤታቸው የአስማረ ዋንዛ ጥላው ጓሯቸው ቢያርፍ፣ «መሬቴ ላይ የተኛ ጥላ የኔ ነው» ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ። አስማረ ሰላም ወዳድ ነው፤ «ይውሰዱት» አለ። አያ ቢያዝን ተቀየሙ። ጥላውን አገኙ፣ ሙግቱን አጡ። ለአስማረ ሰላምታ የነፈጉት የዚያን ጊዜ ነው።

ልጃቸውን ወለተሩፋኤልን ለመጠየቅ ሽማግሌ የመጣ ለታ ደግሞ የገዛ ወገናቸው በአንድ አፍ ተስማማ። ይህ አላማራቸውም። ተነሥተው ወደ ሙሽራው ወገን ተሻገሩና ከራሳቸው ዘመዶች ጋር ጀንበር እስኪያዘቀዝቅ ተሟገቱ። ረቱም፤ የልጃቸውን ጥሎሽ አስቀነሱ። ሚስታቸው እስከ ዛሬ ታነሣባቸዋለች። እሳቸው «ፍርድ ዘመድ አያውቅም» ብለው ያልፉታል።

እኒህን ሰው ስትሸሻቸው የኖረችው አባይነሽ፣ ዘንድሮ ፈለገቻቸው።

ሐይቁ ዳር፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል መሐል፣ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ የእንግዳ ማረፊያ አለ። ጣሪያው ከተገፈፈ ቆየ፤ በመስኮቱ ወፍ ይገባል፣ በበሩ ወፍ ይወጣል፤ ግድግዳው ግን ንቅንቅ አላለም። ዳርቻው ፓርክ ተብሎ ሲከለል ሕጉ ሁለት ነገር አዘዘ። በክልሉ ውስጥ ቤት አይቆምም። ከክልሉ ውጭ ድንጋይ አይወጣም። እንግዲህ ያ ቤት መቆምም መሄድም ተከለከለ ማለት ነው። የፓርኩ ባለሙያ ሰውአገኝ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ መፍትሔ አለኝ ብሎ መጣ፤ ግድግዳው ይፈርስና ድንጋዩ እዚያው ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበራል።

አባይነሽ ግን ያን ድንጋይ ለማቆያ መሥሪያ ትፈልገዋለች። ከሩቅ መንደር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸውን የሚጠብቁበት የእናቶች ማቆያ አምና በዝናብ ተደርምሷል። በሐምሌ አንዲቱ መንገድ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ ወለደች። እግዜር አተረፋት። ለሚቀጥለው ክረምት ማቆያ ካልቆመ ግን ሁልጊዜ እንዲህ መትረፍ የለም፤ አባይነሽ ይህን ታውቃለች። ድንጋይ ይቀበራል ሲሏት እናቶቹ የሚቀበሩ መሰላት።

ሰውአገኝን ለመነችው። «እኔስ በወደድኩ፣ እቴ፤ ሕግ ሆነብኝ» አላት።

ሕግን የሚችለው ሙግት ነው፤ ሙግት ደግሞ ያለው አያ ቢያዝን ዘንድ ነው። ችግሩ፣ እሳቸውን «ይርዱኝ» ያለ ሰው ወዮለት። የለመናቸውን ነው አስቀድመው የሚቃወሙት። አባይነሽ አሰበች፣ አሰበችና ስብሰባ ጠራች። ሕዝቡም ሰውአገኝም በተገኙበት ብድግ ብላ፣ «ድንጋዩ የፓርኩ ነው፤ አይነካም፤ ይቀበር» አለች። ሴቶቹ ሊቀ መንበራቸው ያበደች መስሏቸው ተያዩ።

ዘንጉ መሬቱን መታ።

«ሸጋ ነው፤ ግን አይሆንም።»

አባይነሽ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ልጄ ሰውአገኝ» አሉ አያ ቢያዝን፣ «ፓርክህ የሚጠብቀው ምኑን ነው?»

«እዚያው የተፈጠረውን ነዋ፣ አያ። ወፉን፣ ደንገሉን፣ ድንጋዩን።»

ከጋቢያቸው ሥር አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ ድንጋይ አውጥተው ፊቱ አኖሩ። «ጥቁሩ የዳርቻው ነው። ቀዩ ከግድግዳው የወደቀ ነው። በዚህ ዳርቻ ቀይ ድንጋይ ያየ አለ?»

ማንም አላየም።

«ቀዩን ከጋራው ማዶ በአህያ ያመላለስኩት እኔ ነኝ፣ በጉብዝናዬ። ስለዚህ ይህ ድንጋይ እንግዳ ነው። እንግዳ ማረፊያው ሲፈርስ ወደ አገሩ ይሸኛል እንጂ በሰው ርስት አይቀበርም።»

«ግን አያ፣ ይህችንስ ቢሆን ከክልሉ ማውጣትዎ ክልክል ነው።»

«ክሰሰኝ» አሉ፣ ዓይናቸው በርቶ።

ሰውአገኝ አልከሰሰም። ሁለቱን ድንጋዮች ይዞ ወደ አለቆቹ ሄደ፤ ሲመለስም ቀዩ ይውጣ፣ ጥቁሩ ይቅር የሚል ፈቃድ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ደቦ ሳይሆን ሠርግ ነው። አስማረ አህዮቹን አሰለፈ፣ ሴቶቹ እየዘፈኑ ተሸከሙ፣ አያ ቢያዝን ከአህያው እኩል ሲመላለሱ ዋሉ፤ የጫነውን ሁሉ «እንዲህ አይጫንም» እያሉ። ክረምቱ ሳይገባ ማቆያው ቆመ። ቤቱ በነበረበት ስፍራ ደንገል መብቀል ጀምሯል።

ምርቃቱ ዕለት አባይነሽ ሕሊናዋ ወቀሳትና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አያ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ያን ቀን የተቃወምኩት አውቄ ነው፤ አንቱን ለማስነሣት።»

«መቃወም ድሮም አትችይበትም» አሏት።

በአገልግል የመጣውን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው። ሊጎርሱ ሲሉ ነገሩ ድንገት ብልጭ አለላት።

«ምነው ታዲያ ድንጋዮቹን ከቤትዎ ይዘው መጡ? እኔ ምን እንደምል እንኳ ሳይሰሙ?»

አያ ቢያዝን ዳቦውን አላመጡ፣ ደጋግመው አላመጡ።

«ለማቆያው ሊሟገቱ አስቀድመው ቆርጠው ነበራ! እኔ ይውጣ ብዬ ቢሆንስ ኖሮ?»

«ያን ሁሉ ሰው ፊት ካንቺ ጋር መስማማቴ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እግዜር ይስጥሽ፣ ከጉድ አወጣሽኝ።»

አባይነሽ ልትስቅ ብላ እንባዋ ቀደማት። እሳቸው አላዩም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። ዘንጋቸውን አንሥተው ወደ አዲሱ ማቆያ እያመለከቱ ነበር።

«በሩ ወደ ሐይቁ መዞሩ ሸጋ ነው፤ ግን…»

«ይናገሩ፣ አያ» አለች፣ ነጠላዋን አደላድላ። «ዛሬ ጊዜ አለኝ።»