መብራት ሄዳለች፤ ጄኔሬተሩ ደህና ነው

ባል ማለት የሚስቱን ሳል አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ የማይሰማ፣ የሞተር ሳል ግን ከሦስተኛው ሠፈር ለይቶ የሚያውቅ ፍጡር ነው። ያገባችሁ ወንዶች አትቆጡኝ… እኔ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን የምለው ከትዳር ልምድ ተነሥቼ ሳይሆን፣ በሰው ትዳር ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ተጠግቼ ስለምኖር ነው። ለማንኛውም ሰምታችሁ ፍረዱ።

የምኖረው እሪ በከንቱ፣ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ስሟ መብራት ይባላል። ባሏ ደግሞ ጋሽ ኃይሉ ይባላሉ። አዎ፣ መብራትና ኃይሉ። የአራዳ ልጆች ሁለቱን ስም ገጣጥመው ቤታችንን በየትኛው መሥሪያ ቤት ስም እንደሚጠሩት እኔ አልነግራችሁም፤ ደርሳችሁበታል። አንዳንዱ ጎረምሳ ሲያልፍ በራችንን አንኳኩቶ «ክፍያ በየትኛው መስኮት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አክስቴ ለምዳዋለች። «መስኮቱ ተዘግቷል፤ ሰኞ ና» ትለዋለች።

ጋሽ ኃይሉ የሕንፃ ቀለም ሥራ ተቋራጭ ናቸው። ከኩሽናው ጎን፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ያስቀመጡት ጄኔሬተር አላቸው። መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣ፣ ሲመጣ በራሱ ዝም የሚል ጨዋ ነው። ቤት ካሉ በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውሉታል። ዝናብ ከጣለ ጃንጥላ ይዘው ወጥተው ያዩታል። አክስቴ «የኩሽናዬ ጣሪያ ያፈሳል፤ የእሱ ጣሪያ ግን ሁለት ጊዜ ታድሷል» ትላለች። ስትናገር እየሳቀች ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ… ጋሽ ኃይሉ ለሥራ ወደ ሐዋሳ ወረዱ። በየጠዋቱ ይደውላሉ። አክስቴ እጇ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ እኔም ሳልፈልግ እሰማለሁ።

«ሄሎ፣ መብራት። ጄኔሬተሩ እንዴት አደረ?»

«ደህና አደረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች አክስቴ። ጉንፋን ይዟት ስለነበር በመሐል ትስላለች።

«ዘይቱን አየሽለት?»

«አየሁለት።»

«ሰሞኑን ብርድ ነው አሉ። ሸራውን ጣል አድርጊበት።»

«እኔንም እኮ ብርድ መትቶኛል።»

«በይ ሸራው በደንብ ይታሠር። ንፋስ እንዳይወስደው።»

አንድ ቀን እንዲህ ተባብለው ሲዘጉ አክስቴ ስልኩን ትኩር ብላ አየችው። «አየህ አይደል?» አለችኝ። «ከሄደ ጀምሮ እኔ እንዴት እንዳደርኩ ጠይቆ አያውቅም። ከዛሬ ጀምሮ አላነሣለትም። ስለ እኔ መጠየቅ ሲጀምር አነሣለሁ።»

«ካላነሣሽ ስለ ማን እንደሚጠይቁ በምን ታውቂያለሽ?»

«ዩኒቨርሲቲ የገባኸው እኔን ልትመረምር ነው?» አለች። ቀጥሎ ግን ፊቷ ፈካ አለ። «ኮምፒውተር አይደል የምትማረው? ያ ማሽን ስለ ራሱ ራሱ ይንገረው። እኔ የጄኔሬተር አስታማሚ አይደለሁም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ኮምፒውተር አይማርም። የሚማረው ወደፊት ኮምፒውተር ለመማር የሚያስፈልገውን ሒሳብ ነው። ግን አክስቴ ስትደሰት በትግርኛ «ወደይ» ትለኛለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ስትቆጣ ደግሞ በአማርኛ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ትጠራኛለች። «ወደይ»ን ለመስማት የማልገባበት ጉድጓድ የለም።

ስለዚህ ከግቢ ጓደኛዬ ከክብሪት ሣጥን ጥቂት ከፍ የምትል ኮምፒውተር ተዋስኩ። የራሷ ባትሪና የራሷ ሲም ካርድ አላት። አንደኛው ሽቦዋ መብራት መኖር አለመኖሩን፣ ሁለተኛው ሽቦዋ ጄኔሬተሩ መሥራት አለመሥራቱን ያያል። ያየችውን በአጭር መልእክት ለጋሽ ኃይሉ ትልካለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ዝናብ እንዳያገኛት በአክስቴ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከትቼ ጄኔሬተሩ አጠገብ ሰቀልኳት። አክስቴ ምሳ ዕቃዋን ስታይ «በል እሱም ይብላበት» አለች።

የቀረው መልእክቱን መጻፍ ነበር። ጠንቃቃ ስለሆንኩ ለአክስቴ አነበብኩላት። «መብራት ጠፍቷል። ጄኔሬተሩ ተነሥቷል።»

«ጠፍቷል አትበል» አለችኝ።

«ለምን?»

«ስሜን ከመጥፋት ጋር ምን አገናኘው? ሟርት ነው። ሄዳለች በል። የሄደ ይመለሳል።»

«ሄዷል ይሻላል መሰለኝ፣ አክስቴ።»

«ልጆቹን አትሰማቸውም? ውጪ ሆነው የሚጮኹት ‹ሄደች› እያሉ ነው። እዚህ ሠፈር መብራት ሴት ናት።»

እውነቷን ነው። ጻፍኩ። ስለ ጄኔሬተሩም አስተያየት ነበራት። «ተነሥቷል ምንድነው? ታሞ ነበር? ደህና ነው በል። እሱ መስማት የሚፈልገው ደህንነቱን ነው።»

«መብራት ሲመለስና ጄኔሬተሩ ሲጠፋስ?»

«አሁንም ጠፋ ትላለህ? አርፏል በል። ሲሠራ የዋለ ያርፋል።»

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶች። እኔ አያያዙን ደግሜ ደጋግሜ ፈትሻለሁ፤ ሽቦዎቹ ጥብቅ ብለው ተይዘዋል። አነጋገሩን ግን… እስቲ ቆዩ።

በማግስቱ ጠዋት የጋሽ ኃይሉን ቁጥር አስገብቼ ወደ ትምህርት ሄድኩ። ሐሳቤ ማታ ደውዬ ላበሥራቸው ነበር። ክፍል ስገባ ስልኬን አጠፋሁ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ተማሪ ስልኩን ያጠፋል፤ እንደ ሌሎቹ ድምፁን ብቻ አይቀንስም።

ሐዋሳ የሆነውን የምነግራችሁ ጋሽ ኃይሉ በኋላ ባጫወቱኝ መሠረት ነው። ረፋዱ ላይ ከማያውቁት ቁጥር መልእክት ገባላቸው።

«መብራት ሄዳለች። ጄኔሬተሩ ደህና ነው።»

በእሳቸው ቦታ ሁኑ እስቲ። ሚስታችሁ ስልክ ማንሣት ካቆመች ሰንብታለች። እናንተም ምን ስትሉ እንደከረማችሁ ልባችሁ ያውቀዋል። ሰው ቢላክባችሁ ከዚህ የበለጠ ምን ተብሎ ይላካል? ሚስትህ ሄዳለች፤ የምትወደው ግን ደህና ነው…

ለአክስቴ ደወሉ፤ አታነሣም። ለእኔ ደወሉ፤ ዝግ ነው። መልእክቱ ወደመጣበት ቁጥር ደወሉ፤ ይጠራል፣ ግን ኮምፒውተሯ አፍ እንጂ ጆሮ የላትም። እሪ ቢሉ በከንቱ። የሠፈራችን ስም ለካ ሐዋሳም ይሠራል።

ወዲያው ሌላ መልእክት ገባ። «መብራት ተመልሳለች። ጄኔሬተሩ አርፏል።»

ጋሽ ኃይሉ ይህን ያነበቡት የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጠው ነው። ተመልሳ መጥታ ገደለችው ማለት ነው፤ ሌላ ምን ይባላል? ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ ሦስተኛው መጣ። «መብራት ሄዳለች። ጄኔሬተሩ ደህና ነው።» አሁን ደግሞ ሙት ተነሣ። ያን ቀን ሠፈራችን መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ነው የዋለው። ጋሽ ኃይሉ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሚስታቸው ስንት ጊዜ ጥላቸው እንደሄደች መቁጠር አቁመው ሽማግሌ ላኩ።

ማታ ስመለስ በራችን ላይ የማላውቃቸው ጫማዎች አየሁ። ሳሎን ውስጥ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ፒያሳ ወርቅ ቤት ያላቸው ጋሽ ድንቁ ናቸው፤ ድሮ ለጋሽ ኃይሉ አክስቴን ሽማግሌ ሆነው የጠየቁላቸው እሳቸው ነበሩ። ሁለተኛው የአክስቴ የንስሐ አባት፣ አባ ናቸው፤ ከሥላሴ በኩል ዳገቱን በእግራቸው መጥተው ገና እያለከለኩ ነው። አክስቴ ከፊታቸው ቆማለች። ልብስ እያጠበች ስለነበር እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

«ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ አባ።»

«የመጣንበትን ሳትፈጽሚልን አንቀመጥም፣ ልጄ።»

«የመጣችሁበትን ሳትነግሩኝ ምኑን ልፈጽም?»

ጋሽ ድንቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል። መኳረፍ ያለ ነው። ቤት ጥሎ መሄድ ግን ካንቺ አይጠበቅም።»

«ማን ነው የሄደው?»

«አንቺ።»

«የት?»

«እሱን እንኳን አንቺ ነሽ የምታውቂው። ከጠዋት ጀምሮ ስትሄጂ፣ ስትመለሺ፣ ደግሞ ስትሄጂ ነው አሉ የዋልሽው።»

«ጋሽ ድንቁ፣ እኔ ልብስ ሳጥብ ነው የዋልኩት።»

«መሄዱስ ይሁን» አሉ አባ በለሰለሰ ድምፅ። «በዚያ በግዑዝ ነገር ላይ ምን አስጨከነሽ?»

«በምን ላይ?»

«ጄኔሬተሩ አርፏል ተብለናል» አሉ ጋሽ ድንቁ።

አባ በልማድ «ነፍስ ይማር» አሉ። ካሉ በኋላ ያሉት ነገር ገባቸውና እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል ማየት ጀመሩ።

«አርፏል» የምትለውን ቃል ስሰማ የማን ጣት እንደጻፋት ገባኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጣት ወለምታስ በምን ይታሻል? «ይቅርታ፣ ጋሽ ድንቁ፣ ነገሩ እኮ…» አልኩ።

«አዋቂ ሲነጋገር ልጅ አይገባም» አሉኝ። አልገባሁም። የታዘዝኩትን መፈጸም እወዳለሁ።

ጋሽ ድንቁ ለጋሽ ኃይሉ ደውለው ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አደረጉት። «ኃይሉ፣ ቤትህ ነን። ሚስትህ ከፊታችን ቆማለች።»

«በእግዚአብሔር፣ እንዳትለቋት» አሉ ጋሽ ኃይሉ። ከኋላቸው የረዳቶች ጩኸት ይሰማል። «መናኸሪያ ነኝ። መኪና ይዤ መጣሁ።»

በዚህ ቅጽበት ሳሎኑ ድርግም አለ። ውጪ ልጆቹ «ሄደች» ብለው ጮኹ። ጄኔሬተሩ ተንደቀደቀና አምፖሉ ተመልሶ በራ። ከስልኩ ውስጥ ጋሽ ኃይሉ ደግሞ ከልጆቹ ብሰው ጮኹ።

«ጋሽ ድንቁ፣ ሄደች እኮ! ምነው ለቀቃችኋት?»

ጋሽ ድንቁ አክስቴን ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጸጉሯ አዩዋት። «ማን ናት የሄደችው?»

«መብራት ናታ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ከፊቴ ናት። አረፋዋ እግሬ ላይ እየተንጠባጠበ ነው።»

«ታዲያ አሁን ሄዳለች የሚለኝ ማነው?»

ከእኔ ቀጥሎ ነገሩ የገባው ለአክስቴ ነው። መጀመሪያ አምፖሉን፣ ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል ምሳ ዕቃዋን፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አፌን ልከፍት ስል በዓይኗ ዘጋችኝ። ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«ኃይሉ።»

«መብራት? አለሽ?»

«አለሁ። እዚህ ብርድ ነው። ሸራውን ጣል ላድርግበት እንዴ?»



«የምን ሸራ?» አሉ ጋሽ ኃይሉ። ድምፃቸው ወደ ልቅሶ ያደላ ነበር። «ከፈለገ ይቃጠል። አንቺ ደህና ነሽ? ያ ሳልሽ ተሻለሽ?»

ሳሏን ሰምተውት ነበር ማለት ነው። እላይ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ስህተት መሆኑን አምናለሁ፤ ግን መግቢያው ስላማረልኝ አልሰርዘውም።

አክስቴ እጇን በሽርጧ አበሰች፤ ዓይኗንም በዚያው። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጋ «አባ፣ ይቀመጡ። ጋሽ ድንቁ፣ እርስዎም» አለች። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት እርቅ ወረደ ማለት ነው። ሁለቱም ተቀመጡ። አባ መረቁ፤ ጋሽ ድንቁ አሜን አሉ። ማን ከማን ጋር ምን ብሎ እንደተጣላ ግን ምርቃቱ እስኪያልቅ አላወቁም።

ጋሽ ኃይሉ በማግስቱ ጠዋት ማርና ሎሚ ይዘው ደረሱ። ጄኔሬተሩን ቀና ብለው እንኳን ሳያዩት አልፈው ቤት ገቡ። እሺ… በጎን አይተውታል። እኔ አይቻለሁ። ግን አልቆሙም። ነገሩን ሳስረዳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እኔ ግን አፍሬ መልእክቱን ወዲያው ለመቀየር ተዘጋጀሁ።

«‹ኃይል ተቋርጧል› ብዬ ላስተካክለው?» አልኩ።

ጋሽ ኃይሉ ሳቃቸውን አቆሙ። «ኃይሉ ተቋርጧል ተብሎ ከተወራብኝ በፒያሳ ዳግመኛ አላልፍም።»

«አትንካው» አለች አክስቴ። «እንዳለ ይሁን።»

ጋሽ ኃይሉ ወደ ሐዋሳ ተመለሱ። አሁን መልእክቷ በደረሰቻቸው ቁጥር፣ ምን ማለት እንደሆነ እያወቁ፣ ሥራቸውን ጥለው ይደውላሉ። «አለሽ?» ይላሉ። ከዚያ ስለ ሳሏ፣ ስለ ምሳዋ፣ ስለ ኩሽናው ጣሪያ ይጠይቃሉ። አክስቴም ትንሽ አስጠርታ ታነሣለች። ችግሩ፣ ሰሞኑን መብራቱ ምን እንደነካው እንጃ፣ አልሄድ ብሏል። ጎረቤቱ ሁሉ ተደስቷል፤ የእኛ ቤት ብቻ ጭር ብሏል።

ትናንት ከትምህርት ስመለስ አክስቴን ቆጣሪው ሥር አገኘኋት። ጸጉሯን ተሠርታለች። በአንድ እጇ ስልኳን ይዛለች፤ ሌላው እጇ የዋናው መስመር ማጥፊያ ላይ ነው።

«አክስቴ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ዝም በል፣ ወደይ» አለችኝ። «ትንሽ ልሄድ ነው።»