የሞሪሷ ላስቲክ

መኪናውን ልሸጥ ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳምራት የሚኖር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የመርሳው መካኒክ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ታፈረ እንዲያ ናቸው። ደርግ ከወደቀ ጀምሮ በትንሿ የእንግሊዝ ሞሪሳቸው መስታወት ላይ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከውጭ ስታዩዋት ያው የጥንቷ ናት፤ ኮፈኗ ሲከፈት ግን የጃፓን ሞተር ገብቶላታል። ወንበሮቿን አዲስ ቆዳ አልብሰው በላዩ ላስቲክ ደርበውበታል። ላስቲኩን የሚገፈው ገዢው ነዋ!

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ደም ይፈሳቸው ጀመር።

«ጋሼ፣ በሞሪሷ ወልድያ ሆስፒታል እናድርሳቸው» አልኳቸው።

ሚስታቸውን አዩ፤ ወንበሩን አዩ። «ደም ከቆዳ አይለቅም» አሉ።

«ላስቲክ አለው እኮ!»

«እሱማ ቢቀደድስ? ከግራና ከተማ የሚመጣ አይሱዙ አይጠፋም፤ ትንሽ እንጠብቅ።»

አይሱዙው ቀትር ላይ መጣ። እትዬ ዘነቡ መንገድ ላይ፣ ሲሪንቃን ሳያልፉ አረፉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ገዢ መጥቶ፣ «ሬሳ ጭና ታውቃለች?» ሲል ጠየቀ።

ጋሽ ታፈረ ላስቲኩን በመሐረብ እየወለወሉ፣ «እግዜር ምስክሬ ነው፣ በሽተኛ እንኳ ጭና አታውቅም» አሉ።

ገዢው እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበል? እውነት ነው አልኩት።