ሦስት ጊዜ የተወለዱት ሊቀመንበር

በየሰፈሩ፣ ሁለት ሰዎች ጥላ ስር ቆመው ሲያወሩ ካየ ኮሚቴ ሳያደርጋቸው የማያልፍ አንድ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም የሚል ካለ፣ ገና ከሰው ጋር አልኖረም ማለት ነው። ይህ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ሐዘንተኞቹን ከተሳለመ በኋላ ዓይኑ የሚፈልገው ጎን ለጎን ተቀምጠው የማይነጋገሩትን ነው። ሠርግ ቤት እጁን ሳይታጠብ አጀንዳ ያወጣል። ውሃ ለመቅዳት የተሰለፉ ሴቶች እሱ ከደረሰ በኋላ ጸሐፊና ተቆጣጣሪ ይኖራቸዋል፤ ውሃው ግን አይኖርም።

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር፣ ይህ ሰው አቶ ተክለወልድ ይባሉ ነበር። ሥራቸው ቬንቲላተር፣ ማለትም የአየር ማራገቢያ መጠገን፣ ማዕረጋቸው ክቡር ሊቀመንበር ነው። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ከሱቃቸው ፊት ለፊት ጨርቅ የምትሸጠው አፋሯ ሐዲጃ ናት። ለማሾፍ ነበር ያወጣችው፤ እሳቸው ግን ቆመው፣ ትንሽ ጎንበስ ብለው ተቀበሏት። ከዚያ ወዲያ መልሳ መውሰድ አልቻለችም።

ሐዲጃ ሰውየውን ከመንገዱ ማዶ ሃያ ዓመት አይታቸዋለች። ነሐሴ ላይ፣ አስፋልቱ ጫማ ስር ሲለሰልስ፣ ሰው ሁሉ ሽርጥ ለብሶ ጥላ ሲፈልግ፣ እሳቸው ከረባት አስረው ይቀመጣሉ።

"ክቡር ሊቀመንበር፣ አንገትዎን ማን አሰረው?" ትላለች።

"ኃላፊነት፣ ወይዘሮ ሐዲጃ።"

ደንበኛ ቬንቲላተሩ ተሠርቶለት ሊወስድ ሲመጣ ዝም ብለው አያስረክቡም። "አልቋል፤ ይሠራል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ከቀኝ ጎረቤትህ ጋር ቡና የጠጣኸው መቼ ነው?" ይላሉ። ሰውየው ሲያስብ ላብ ያሰምጠዋል፤ ቬንቲላተሩ እሳቸው እጅ ነው። እንዲህ ተይዘው የኅብረቱ አባል የሆኑ ብዙ ናቸው።

ኅብረቱ "የጎረቤታሞች ኅብረት" ይባላል። አሳቡ የመጣው እንደ ቀልድ አልነበረም። አፋሮች ከመንግሥት ጋር በተዋጉባቸው ዓመታት ሐዲጃ ወንድሟን ሰሜን ላይ አጣች። ከዚያው ግንባር፣ ከመንግሥት ወገን፣ የሮብሌ የእህት ልጅ፣ የኢሳው ወጣት፣ ሬሳው ሳይመጣ ወሬው ብቻ መጣ። ሮብሌ ከመሐል ከተማ ባልባላ የሚመላለስ ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ከሐዲጃ ሱቅ በስተጀርባ ሁለት ቤት አልፎ ይኖራል። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ሳምንት ለቅሶ ተቀመጡ፤ አንዱ ወደ ሌላው አልሄደም። አቶ ተክለወልድ ግን ጠዋት አንዱ ጋ፣ ከሰዓት ሌላው ጋ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ሐዲጃን "እዚያም የሚያለቅሱት እንደ እናንተው ነው" አሏት። ያን ቀን ልትመታቸው ነበር።

በፈረንጆቹ 2000 ኅብረቱን ሲመሠርቱ የመጀመሪያዋ አባል እሷ ሆነች። ለምን እንደሆነ ለሚጠይቃት "ቬንቲላተሬን ይዞብኝ" ትላለች።

ሁለተኛው ሮብሌ፣ ሦስተኛዋ ፋኢዛ ናት። ቅድመ አያቶቿ ከየመን በጀልባ የመጡ፣ እሷ ደግሞ ዓሣ ለሁለት ሰንጥቃ ምድጃ ውስጥ ከቂጣ ጋር የምታወጣ ምግብ ቤት ያላት ሴት። ስብሰባው ጠዋት ጠዋት እሷ ቤት ነው። ሦስቱም በባቡር ሰፈር፣ ከኢትዮጵያ በመጡ ሠራተኞች ልጆች መካከል ስላደጉ አማርኛ ያውቃሉ። ጠባቸውን የሚጀምሩት በየቋንቋቸው ሲሆን የሚጨርሱት ግን በአማርኛ ነበር፤ ከሊቀመንበሩ በቀር የማንም የእናት ቋንቋ ስላልሆነ ማንም በሱ ሲሸነፍ ብዙ አያፍርም።

በወረቀት ላይ አባላቱ ሁለት መቶ ነበሩ፤ በወንበር ላይ ከአሥር አይበልጡም። የመጀመሪያው ዓመት ያለቀው በቬንቲላተር ክርክር ነው። ፋኢዛ ቤት ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ማን ይዙር? ክቡር ሊቀመንበር አንገቱን ፈተው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እኩል እንዲዞር አደረጉት። ሮብሌ ግን "አፋሮቹ ጋ ሲደርስ ይቆያል" አለ። ሰዓት ተይዞ ተለካ። እኩል ነው። ሮብሌ "ሲለካ ነው እኩል የሚሆነው" አለ።

ሁለተኛው ዓመት ኅብረቱ ሊያወጣው ባሰበው መግለጫ አለቀ። የየትኛው ሕዝብ ስም ይቅደም? አቶ ተክለወልድ ስሞቹን በክብ ጻፏቸው፤ ክብ መጀመሪያ የለውምና። ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ሐዲጃ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ልትለጥፍ ስትነሳ የትኛው ስም ወደ ላይ እንደሚሆን ጠየቀች።

"አንድ ስብሰባ ብቻ ነው የቀረን" አሉ አቶ ተክለወልድ። ሁልጊዜም የሚሉት ይህንን ነበር።

በ2006 ከተማው ለመጀመሪያ ጊዜ የየወረዳውን ምክር ቤት ሊመርጥ ሆነ። ኅብረቱም የራሱን የዕጩዎች ዝርዝር ሊያቀርብ ወሰነ። ዝርዝሩን ማን ይምራ በሚለው ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ክርክር አልነበረም። ሐዲጃ ከሮብሌ ኋላ አትገባም፤ ሮብሌ ከፋኢዛ ኋላ አይገባም። ከአቶ ተክለወልድ ኋላ ግን ሁሉም ይገባል፤ ከሳቸው ኋላ የተሰለፈ ጎሳ የለምና። ወገኖቻቸው እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚገናኙ፣ የቀድሞ የባቡር ሠራተኞች ልጆች ናቸው። ሮብሌ እንደሚለው በሚኒባሱ ሁለት ጊዜ ቢመላለስ ያልቃሉ።

አቶ ተክለወልድ ይህን እንደ ጉድለት አላዩትም። "እኛ ጥቂቶች ነን" ይላሉ። "ጥቂት ሰው በር ላይ ቢቆም ማንም አይደነግጥም። ስለዚህ በሩን እኛ እንያዝላችሁ፤ ግቡ።" ሐዲጃ ይህን ንግግር በቃሏ ታውቀዋለች። ድምፃቸውን እያስመሰለች ደንበኞቿን ታስቅበታለች። አንዳንድ ቀን ግን ደንበኛ ሳይኖርም ስትለው ራሷን ትይዛለች።

የምርጫ መዝገቡ ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሮብሌ የዕጩዎቹን መታወቂያ ሰበሰበ።

"የእርስዎስ፣ ጋሼ ተክሌ?"

አቶ ተክለወልድ ብሎኖቻቸውን በየመጠናቸው ይደረድሩ ጀመር። ደርድረው ሲጨርሱ ከመሳቢያው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በየዓመቱ የሚታደስ የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ሐዲጃ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊታቸውን አየች።

"እርስዎ እኮ እዚሁ ነው የተወለዱት።"

"ከጣቢያው ጀርባ። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው።"

"ታዲያ በየምርጫው ሰውን ሁሉ ቀስቅሰው ይዘው የሚሄዱት?"

"እኔ ሰልፉን ነበር የማስተካክለው" አሉ።

ነገሩ ቀላል ነበር። አባታቸው ባቡሩ ላይ እሳት የሚያነድዱ ሠራተኛ ነበሩ፤ ልጃቸው ሲወለድ ያዋለደችው ጎረቤት ናት፤ ያስመዘገበ የለም። አገሩ ነፃ ሲወጣ የልደት ወረቀት የሌለው ብዙ ነበር። ለእንዲህ ያለው ሰው ኦካል የሚባለው የጎሳው አለቃ ቢሮ ሄዶ "ይህ የእኛ ልጅ ነው፤ እዚህ ቦታ ተወለደ" ይላል፤ ይፈርማል፤ አለቀ። አቶ ተክለወልድ ጎሳ የላቸውም፤ ኦካልም የላቸውም። ጎሳዎችን ሁሉ አንድ ላይ ለማስቀመጥ የተነሱት ሰው ራሳቸው የሚቀመጡበት አልነበራቸውም።

"አጎቴ ኦካል ነው" አለች ሐዲጃ። "አንድ ቃል ይበቃል።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ግን በአጎትሽ ቃል ከገባሁ ሮብሌ ነገ ምን ይላል?"

"የአፋር ሰው ነው እላለሁ" አለ ሮብሌ፣ ሳያፍር። "የኛው ኦካል ይመስክርልዎት።"

"ያኔ እኔ ወጣሁ" አለች ሐዲጃ።

ፋኢዛ ከምድጃው ዘወር ብላ "የኛም ሽማግሌ አሉ" ስትል ሁለቱ በአንድ ድምፅ "አይሆንም" አሏት።

ክቡር ሊቀመንበር መላ አመጡ። ሦስቱ ሽማግሌዎች አብረው ይሂዱ፤ በአንድ ወረቀት ላይ ለአንድ ሰው ይመስክሩ። ሽማግሌዎቹ ተጠየቁ። ሦስቱም ፈቃደኛ ሆኑ፤ ሦስቱም ግን መጀመሪያ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ።

"አንድ ስብሰባ ብቻ ነው የቀረን" አሉ ሰኞ። ማክሰኞም አሉት። ረቡዕ ያለ ከረባት መጡ።

"ስሜን ሰርዙት" አሉ። "ሮብሌ ይምራ። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ አቃፊውን እሱ ያስገባ።"

ያለ እሳቸው ዝርዝሩ እስከ በሩ እንኳ እንደማይደርስ ሁሉም ያውቃል። ሐዲጃ አንድ የሚያስቅ ነገር ልትናገር ፈለገች፤ አጣች።

"አባቴም እናቴም የተቀበሩት እዚህ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ግን በየዓመቱ ጥር ላይ ቅጽ እሞላለሁ። ‘ምን ያህል ጊዜ ለመቆየት አስበዋል’ ይላል።"

"ምን ብለው ይሞላሉ?" አለች ፋኢዛ።

"አንድ ዓመት። ከዚያ በላይ ቦታ የለውም።"

ሐሙስ ጠዋት ሐዲጃ ሱቋን ሳትከፍት አጎቷ ቤት ሄደች። ሽማግሌውን ምንጣፍ ላይ ተጋድመው አገኘቻቸው።

"ማን ነው ያልሽኝ?"

"ተክለወልድ። ቬንቲላተር ሠሪው።"

"እሱ አፋር ነው?"

"ዛሬ ነው።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ስድስት ሰዓት።"

ሽማግሌው ተነስተው ተቀመጡ። "ይህ ባለፈው መጥቶ ስለ አንድነት እያወራ ምሳዬን ያሳለፈብኝ ሰውዬ ነው። እንደገና ከሚመጣብኝ ብፈርም ይሻለኛል። የት ተወለደ ልበል?"

"ታጁራ። አያቴ ቤት።"

"በዚህ ዕድሜዬ ልታስዋሽኝ ነው?"

"አያቴ የመጣባትን ሰው ከቤቷ አስወጥታ አታውቅም፣ አጎቴ። እሱንም አታስወጣውም ነበር።"

ሽማግሌው በትራቸውን ፈለጉ።

ልደትም ዕጩም የሚመዘገብበት ቢሮ ሲደርሱ አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ሐዲጃ ስሙን እንደተናገረች ወጣቱ ጸሐፊ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"እናቴ፣ እርስዎም ተክለወልድ ሊሉኝ ነው?"

ዘወር ስትል አየቻቸው። ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ፣ በአንዱ ጫፍ ሮብሌ ከኦካሉ ጋር፣ በሌላው ጫፍ ፋኢዛ ከሽማግሌዋ ጋር ተቀምጠዋል። ሁለቱም ጣሪያውን ያያሉ። የዝርዝሩ አቃፊ ሮብሌ ብብት ሥር ነው።

ጸሐፊው የአጎቷን ቃል ጻፈ፤ አስፈረመ፤ ከዚያ ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። "ይህ ሰውዬ በ1938 እዚህ ከተማ፣ ወደብ አጠገብ፣ ከአረብ ቤተሰብ ተወለደ። በ1950 አሊ ሳቢዬ ከኢሳ እናት ተወለደ። በ1945 ደግሞ ታጁራ። አንዱን ብቻ ብታመጡልኝ ኖሮ ከአንድ ሰዓት በፊት ጨርሼ ነበር። ሦስት ቦታ የተወለደ ሰው ግን የምጽፍበት መዝገብ የለኝም። ከሦስታችሁ ሁለታችሁ ቃላችሁን አንሱ። ሃያ ደቂቃ አላችሁ።"

ሐዲጃ ሮብሌን አየችው። ጠቡን ጠበቀች።

"የሷ ይሁን" አለ ሮብሌ። "ታጁራ ባሕር አለው። ሰው ባሕር ዳር ቢወለድ ጥሩ ነው።"

"አይደለም፣ የአንተ ይሻላል" አለች ፋኢዛ። "አሊ ሳቢዬ ባቡር አለ፤ አባታቸው የባቡር ሰው ናቸው፤ ይታመናል።"

"የፋኢዛ ይሁን" አለች ሐዲጃ፣ አፏ ከአሳቧ ቀድሞ። "እሷ ቢያንስ ከተማውን አልዋሸችም።"

"እኔ ዓመቱን ዋሽቻለሁ። የእርስዎ ይሁን፣ አባቴ" አለች ፋኢዛ ለሐዲጃ አጎት። አጎቷም "በፍጹም፣ እኒህ ይቀድሙኛል" ብለው ለሮብሌ ኦካል እጃቸውን ዘረጉ። ኦካሉ በአላህ ስም እየማሉ ለፋኢዛ ሽማግሌ ለቀቁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዱ ለሌላው የወንበር ጫፍ ያልለቀቀበት ኅብረት ውስጥ አሁን ሁሉም ለሁሉም ይለቅ ነበር። ሐዲጃ ሰዓቱን አየችው፤ ሁሉም አይተውታል። የሌላውን ቃል መጣል ግን ማንም አልቻለም። ውጭ ቀትር ላይ የሚደርሱት የጫት መኪናዎች ጥሩምባ ሲሰማ ጸሐፊው ሦስቱንም ወረቀቶች "ተቀባይነት የለውም" የሚል ማኅተም መታባቸው፤ በትሕትና መለሰላቸውና መስኮቱን ዘጋ። አቃፊው ከሮብሌ ብብት አልወጣም ነበር።

አቶ ተክለወልድን ደረጃው ላይ አገኟቸው። ከረባታቸውን አስረው መጥተዋል።

"አቃፊው ገባ?"

ሐዲጃ ወረቀቶቹን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አወጡና ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሦስቱንም አንድ በአንድ፣ እስከ ፊርማው፣ እስከ ማኅተሙ አነበቡ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሐዲጃ ንግግር እንደሚመጣ እርግጠኛ ስለነበረች ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀች። ሰውየው ግን ወረቀቶቹን ደረታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና ፊታቸውን ሳያነሱ ጠየቁ።

"ታጁራ ያለው ቤት... በሩ ወደየት ነው?"

ሐዲጃ "ክቡር ሊቀመንበር" ብላ ልትጀምር ነበር። ተወችው። ቀሚሷን ሰብስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ወደ ባሕሩ" አለች። "ነጭ ቤት ነው፤ በሩ ዝቅ ይላል፤ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ግቢው ውስጥ ሁለት የተምር ዛፍ አለ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ የሰዎቹ ድምፅ መኝታዎ ድረስ ይሰማል።"

አቶ ተክለወልድ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የረሱትን ነገር እንደሚያስታውስ ሰው። ፋኢዛ ከኋላቸው ቆማ ትሰማ ነበር። ሮብሌም አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠና፣ አቃፊውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ስለ አሊ ሳቢዬው ቤት የሚናገርበትን ተራ ይጠብቅ ጀመር።