ባዶው ስታዲየም ውስጥ የተቀመጥሁት ሰውዬ እኔ ነኝ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሻችሁ አታምኑኝም። ግማሻችሁ ደግሞ በቀጥታ ሥርጭት አይታችሁታል!

አዎ። ያ ጋቢ የተከናነበ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ባዶ ስታዲየም ውስጥ ብቻውን የተጎለተው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ላላወቃችሁት ከሥሩ ልጀምር።

ክለባችን ወደ ላይኛው ሊግ ለማለፍ የመጨረሻው ማጣሪያ፣ ፕሌይኦፍ፣ ደረሰ። እልል አልን! ሊጉ ግን አንድ ደንብ ይዞ መጣ። በዓመቱ ጨዋታ የትኬት ገቢ የባለሜዳው ክለብ ነው፤ በፕሌይኦፍ ግን ሁሉም ለሊጉ።

ተጫዋቾቻችን ደግሞ ደመወዝ ካዩ ወራት አልፏል። ከዚህ ጨዋታ በሚገኘው ገቢ ይከፈላቸዋል ተብሎ ነበር ተስፋው። በረኛችን የቤት ኪራይ አጥቶ አጎቱ ቤት ፍራሽ ላይ ነው የሚያድር። ቁመቱን ለምታውቁት፣ እሱ ሳሎን ያድራል፣ እግሩ በረንዳ!

ባለፈው ሳምንት ከሊጉ ሰዎች ጋር ለስብሰባ ተቀመጥን። እኔ የደጋፊዎች ማኅበሩ ምክትል ሊቀ መንበር ነኝና ከፊት ነኝ። ጠረጴዛውን ደልቄ፣ “ደንቡ ካልተቀየረ አንድም ሰው አይገባም!” አልሁ።

የጨዋታው ኮሚሽነር ከአዲስ አበባ የመጡ ዘናጭ ሰው ናቸው። ፈገግ አሉ።

“ወንድሜ፣ ደጋፊ ያኮርፋል፤ ፊሽካ ሲነፋ ይገባል። ስታዲየሙ ባዶ ከዋለ ደንቡን ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን። አንድ ትኬት ከተሸጠ ግን ደንቡ ደንብ ነው!”

አንድ ትኬት። ይህችን ያዙልኝ።

እነሱ ሲሄዱ ደጋፊው “በምን እንተማመን?” ብሎ ተጨነቀ። እዚህ ላይ ነው ምላሴን የበላኝ። ለቀልድ ያህል፣ “አባ ጥሩነህ ይገዝቱን!” አልሁ። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ።

አባ ጥሩነህ ከሐይቁ ማዶ ካለች ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ኳስ ነፍሳቸው ነው። ዳኛ ሲያጠፋ “እግዚአብሔር ዓይንህን ያብራልህ” ብለው ነው የሚሳደቡ።

ሣቁ ሳያልቅ ብድግ አሉ። መስቀላቸውን አወጡ።

“ደንቡ ሳይስተካከል ትኬት ቆርጦ የገባ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን።”

“አሜን!” አለ አዳራሹ። ሙስሊሞቹ ወንድሞቻችንም፣ “እኛም ቃላችንን ሰጥተናል፤ ቃል አማና ነው” አሉ።

እኔም አሜን ብያለሁ። እየሣቅሁ!

ልብ አርጉልኝ፤ እኔ እስከ ዛሬ እኩለ ቀን ድረስ ቀልድ መስሎኛል።

ይህን ሕዝብ ሳውቀው ጸጉሬ ሸብቷል። “ከእንግዲህ ኳስ ካየሁ ዓይኔ ይጥፋ” ብሎ ቅዳሜ የማለ፣ እሑድ ከፊት ወንበር ታገኙታላችሁ። ሁሉም ተደብቆ ይገባል፣ የምቀረው እኔ ብቻ ነኝ አልሁ። እና ሞኝ ነኝ?

የእናኑን ጋቢ ተከናነብሁ፤ ጥቁር መነጽር አደረግሁ። እናኑ ባለቤቴ ናት። በባሕር ዳር ሙቀት፣ በቀትር፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው ወይ ወባ ይዞታል ወይ ሰርቋል። የባጃጁ ልጅ በመስታወት አየኝ።

“ጋሼ፣ ወባ ነው?”

“አዎ፣ ክፉ ወባ!”

“ሆስፒታል ላድርስዎት?”

“ግድ የለም፤ በስታዲየሙ ጀርባ በር ጣለኝ።”

ባጃጅ ነጂ ብዙ ያያል። መሪውን ጠመዘዘ።

ወደ ጀርባው በር ስቃረብ ምን ልስማ? ከበሮ! ጡሩንባ! እልልታ! ምድሩ ይንቀጠቀጣል፤ ጣና ራሱ ከዳር ዳር ሳይፈላ አልቀረም!

“ከሃዲ ሁላ!” አልሁ በልቤ። “ግዝት ጥሶ ገባ!”

ከልቤ ነው የተናደድሁ። ትኬት እየቆረጥሁ ነው የተናደድሁ!

ትኬት ሻጩ እንቅልፉ ላይ ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ የሞተ ዘመድ የመጣበት መሰለ። ትኬቱን ሰጠኝ። ገባሁ። ደረጃውን ወጣሁ።

ባዶ!

ከዳር እስከ ዳር ኮንክሪት። አንዲት ቁራ የክብር እንግዶች ወንበር ላይ ቆማለች። ሜዳው ላይ ጨዋታው ተጀምሯል።

ዝማሬው ግን አለ! ከየት ነው?

አንገቴን አስግጌ ሳይ ከግንቡ ውጭ ነበር።

ከተማው እንዳለ፣ እኔ ከገባሁበት ከጀርባው በር በቀር፣ ግንቡን ከቦ ቆሞ ነው የሚዘምር። ከመሸንቲ በእግሩ የመጣ አለ። ከሐሙሲት በአይሱዙ የተጫነ አለ። ከጎርጎራ በጀልባ የተሻገረ አለ። የጣና ጉማሬዎች ራሳቸው ሳይሰለፉ አይቀሩም! ስልክ ያለው በስልኩ ያያል፤ የሌለው የባለስልኩን ፊት ያያል። ዋናው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ማንም አልገባም። አንድም ሰው!

 ታቦት ሲያልፍ የሚሰማኝ ነገር ነው የመጣብኝ። ልዩነቱ፣ ታቦት ሲያልፍ ከሕዝቡ ጋር ነኝ።

ኮንክሪቱ ላይ ቁጭ አልሁ። ስልኬ ጮኸ። እናኑ!

“የት ነህ አንተ?”

“ውጭ ነኛ፣ ከሕዝቡ ጋር።”

“ታዲያ ቴሌቪዥን ላይ የኔን ጋቢ ለብሶ የተቀመጠው ማነው? ጥለቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ እኮ!”

ዞር ስል ካሜራው አፍጦብኛል። በዚያ ሁሉ ኮንክሪት ላይ ሌላ ምን ይቅረጽ? ከቁራዋ እኔ እሻላለሁ!

ሥርጭቱ ትንሽ ይዘገያል መሰለኝ፣ ከውጭ ያለው ዝማሬ ቆይቶ ነው የጠፋ። ቀስ እያለ፣ ከአንዱ ጥግ ጀምሮ፣ ከበሮውም ተከትሎ። እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። በረኛችን ጎሉ ላይ ሆኖ አንጋጦ አየኝ። ከፍራሹ የሚተርፈው ያ ረጅም ቁመቱ ሲያጥር አየሁ።

ኮሚሽነሩ ጋዜጠኛ አስከትለው እየሮጡ መጡ።

“እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ! ይኸው፣ ተመልካች ገብቷል! ትኬትዎን ለካሜራው ያሳዩልን!”

አንድ ትኬት!

እጄን ኪሴ ከተትሁ። አወጣሁት። ካሜራው ተጠጋ። እኔም... አፌ ውስጥ ከተትሁት!

ወገኖቼ፣ ወፍራም ወረቀት ነው። ማኅተሙ እሬት እሬት ይላል።

“ምን እየሠሩ ነው?” አሉ ኮሚሽነሩ ዓይናቸው ፈጦ።

“ም-ሳ!”

“ትኬትዎስ?”

ዋጥሁት። “የምን ትኬት? በአጥር ዘልዬ ነው የገባሁ!”

“በዚህ ቦርጭ?”

ትኬት ሻጩ ተጠራ። እኔን አየኝ። ዝም ወዳለው ግንብ አየ።  “ጌታዬ፣ እኔ እንቅልፍ ላይ ነበርሁ” አለ። ብሬ እሱው ዘንድ ነው፤ ለልጆቹ ዳቦ ይሁነው።

“ያለ ትኬት የገባ በደንቡ ይባረራል!” ጮኹ ኮሚሽነሩ።

“ደንብ ይከበር!” አልሁ እኔም።

ሁለት ፖሊሶች በዋናው በር ይዘውኝ ወጡ። በዋናው በር! ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለልኝ። ንጉሥ እንኳ እንዲያ አልተከፈለለትም። አንዱ ወጠምሻ፣ “ጋሽዬ፣ ጣዕሙ እንዴት ነው?” አለኝ።

“ጨው ያንሰዋል” አልሁት። ማንም አልሣቀም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁ።

አባ ጥሩነህ በጃንጥላቸው ሥር ቆመዋል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

“ትኬት ቆርጠሃል?”

“ቆርጫለሁ አባ።”

“ለምን?”

“ሁሉም የሚገባ መስሎኝ...”

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጃንጥላቸውን አጥፈው ጎንበስ አሉልኝ። “እኛን አላመንኸንም ማለት ነዋ” አሉ። “ልጄ፣ ይኼስ ከግዝቱ ይብሳል።”

ጥፊ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ደጋፊዎቹ ግንቡ ሥር አቆሙኝ። ፊቴን ወደ ግንቡ አዙሬ ስልክ የለ፣ ምን የለ። ዝማሬው እንደገና ተነሣ፤ አሁን ግን ከጀርባዬ ነው፣ በአጥንቴ ውስጥ ነው የሚያልፍ። ጎል ሲገባ ያወቅሁት በግንቡ መንቀጥቀጥ ነው። በኋላ እንደሰማሁት አግቢያችን ወደ ባዶው ወንበር አልሮጠም፤ ወደ ግንቡ ሮጦ፣ ለማያየው ሕዝብ እጅ ነሣ።

አንድ ለባዶ!

ጨዋታው ሲያልቅ ኮሚሽነሩ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

“የተሸጠ ትኬት የለም” አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። “ማክሰኞ ለደንቡ እንቀመጣለን። እንዲህ ያለ ነገር... እኔ አይቼ አላውቅም።”

እኔም አላየሁም ጌታዬ! እዚሁ ተወልጄ!

የኔ ፍርድ ቀረ። አባ ጥሩነህ ግዝቱን ከንስሐ ጋር ሊፈቱልኝ ቃል ገቡ። የደጋፊው ቅጣት ግን ሌላ ነው። ደንቡ ከተስተካከለ በሚቀጥለው እሑድ የፕሌይኦፍ ጨዋታ ሁሉም ይገባል፤ እኔ ውጭ እቆማለሁ። ብቻዬን።

ይኸው አሁን አንዱ ወዳጄ በውስጥ መስመር፣ “ቀልዳቸውን ነው፤ በጀርባ በር ግባ” ብሎ ጽፎልኛል። ብሎክ አደረግሁት!

እናኑም ጋቢውን ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

ግን እስኪ ንገሩኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርሁበትን ከተማ ያየሁት ዛሬ ገና ነው፤ ያውም ባዶ ስታዲየም ውስጥ ተቀምጬ። እሑድ ብቻዬን ውጭ ቆሜ ደግሞ ምን አያለሁ?