ዜና ጉዞ ዘቲቸር ሀዲጃ፣ ከከሚሴ እስከ አይጠየፍ

ቲቸር ሀዲጃ ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት፣ ጠመኔ ከእጃቸው በወደቀ በሃያ ሁለተኛው ወር፣ የከሚሴ ባጃጆች ታሪፍ ጨምረው ሕዝቡ በእግሩ መሄድ በለመደበት ዘመን፣ በወርኃ ኅዳር፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ በጨፋ ማሽላው ሲታጨድ፣ ይህ ነገር ሆነ። የሆነውን እኛ እንጽፋለን። ያልሆነውን አቶ ይበልጣል በሪፖርቱ ጽፎታል።

ቲቸር ሀዲጃ ማለት የጠመኔ እመቤት፣ የቀይ እስክሪብቶ ባለሥልጣን፣ ሰባ ተማሪ በአንድ እይታ ጸጥ የሚያሰኙ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ታሪክ አስተምረው አንድ ቀን ያላረፈዱ፣ እጅግ የታፈሩ ሴት ናቸው። ነገር ግን ዋሽተዋል። እንዴት እንደዋሹ ይነገር።

ማስተማር በጀመሩ በአራተኛው ዓመት፣ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ስላሠሩት የግብር አዳራሽ፣ እንግዳ አይለይምና አይጠየፍ ስለተባለው፣ በዘጠነኛ ቢ ፊት ቆመው ሲያስረዱ፣ ከኋላ ወንበር ይበልጣል የሚባል ቀጭን ልጅ እጁን አውጥቶ ቲቸር አይተውታል ወይ ብሎ ጠየቀ። ደሴ ደግሞ ቅርብ ናት፣ መኪና ይዞ ለምሳ መድረስ ነው። አላየሁም ማለት አሳፈራቸው። አዎ አሉ። ልጁም ክፉ ነውና ምን ይመስላል አለ። እሳቸውም፦ ትልቅ ነው፣ በሩ ሰፊ ነው፣ ከውስጥ ይቀዘቅዛል አሉ። ከዚያ ወዲያ ይህ ቃል በየዓመቱ ከየክፍሉ ጋር ታደሰ፤ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ተነገረ። ደሴስ ለሕክምናም ለስብሰባም ሄደው ያውቃሉ። ወደ አዳራሹ ለመታጠፍ ግን ሁሌ በሚቀጥለው፣ በሚቀጥለው እያሉ ጡረታ ያዛቸው። ቤት ሲቀመጡ ነገሩ ያንገበግባቸው ጀመር። ይህን ውሸት ይዤ አላህ ፊት አልቆምም፣ በዓይኔ አይቼው እውነት አደርገዋለሁ ብለው ለራሳቸው ማሉ። ለሌላ ሰው አልተናገሩም። ለማን ይናገሩታል?

በዚያ ዘመን ከሚሴ ውስጥ አገርን እንወቅ የሚል የተጓዦች ማኅበር ነበረ፤ ሲሰበሰብ እንጂ ሲጓዝ ብዙም አልታየም። የማኅበሩም አስጎብኚ ያ ይበልጣል ነበር፦ በታሪክ ፈተና ከመቶ አርባ ሁለት ያመጣ፣ አሁን ቢሮ ያለው፣ በቢሮው ምን እንደሚሠራ ግን ቢሮው ራሱ የማያውቅ። ለአስጎብኚነት የተመረጠው የድምፅ ማጉያ ስላለው ነው። ሌላ ምክንያት ተፈልጎ አልተገኘም። ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት አይጠየፍ ውስጥ ሦስት ቀን ስልጠና ወስጃለሁ እያለ ባገኘው ሠርግና ለቅሶ ሁሉ ያወራ ነበር። እሱም በቴሌግራም እንዲህ ሲል አዋጅ አወጣ፦

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከመናኸሪያው በር ተነሥተን አይጠየፍን እንጎበኛለን። አዳራሹ የዚያን ዕለት ለጎብኚ ክፍት የሚሆነው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። የዘገየ ይቀራል።»

የዘገየው እሱ ነው።

ቲቸር ሀዲጃ ሱብሂ ሰግደው፣ ሻርፓቸውን ጠቅልለው በሰዓቱ ደረሱ። ሠራዊቱም ተሰበሰበ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም አካም ቡልተኒ፣ ነጋ፣ እንዴት አደራችሁ እየተባባለ በብርድ ቆመ። የመጡትም እነዚህ ናቸው፦ ሹፌሩ ዑመር፣ የዶልፊን መኪና ባላባት፣ ጥሩምባን እንደ ሰላምታ የሚጠቀም፤ አባባ ሙሄ፣ ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ጡረተኛ ልብስ ሰፊ፣ በከዘራቸውም በምላሳቸውም የሚወጉ፤ ዙቤይዳ፣ የቲቸር ጎረቤት፣ ሦስት ፔርሙስና አንድ ዘንቢል ዳቦ የጫነች፣ የስንቅ ቤት አዛዥ፤ ፈይሩዝ፣ ስልኳ ካሜራም ካርታም የሆነላት ወጣት ጸሐፊ፤ የቀሩትም ዘጠኙ የቲቸር የቀድሞ ተማሪዎች፣ ሸምገል ያሉ ባለትዳሮች፣ ቲቸር ሲያዩዋቸው ግን እጃቸውን ከኪሳቸው የሚያወጡ።

አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ጠበቁ። አባባ ሙሄ፣ ይሄ ልጅ ፀሐይን ሊያስነሣ ነው እንዴ የሄደው አሉ። ይበልጣል ሲመጣ ይቅርታ አላለም። አራት ሜትር ባነር ሲያሠራ እንዳመሸ በድምፅ ማጉያው ነገራቸው፤ አጠገባቸው ቆሞ። መናኸሪያ ሙሉ ሰው ሰማ።

ወእምዝ ተነሡ። ሐርቡን እንዳለፉ ከመንገድ ዳር ድንኳን ታየ፤ ሽማግሌዎችም ከሥሩ ተቀምጠዋል። አባባ ሙሄ የማውቀው ሰው ሰፈር ነው አሉ። ለቅሶ አይቶ ማለፍ ደግሞ የለም። ዑመር አቆመ። ሁሉም ወረደ፤ ወንዱ በወንድ፣ ሴቷ በሴት በኩል ተቀመጠ። ዱዓ ተደረገ፣ ክርስቲያኑም ነፍስ ይማር አለ፣ ሻይ መጣ፣ ንፍሮ መጣ፣ ሁለተኛ ሻይ መጣ። ቲቸር ሀዲጃ በሻርፓቸው ሥር ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። ማን እንደሞተ መጠየቅ ነውር ነውና ማንም አልጠየቀም። መጨረሻ ላይ ይበልጣል ተነሥቶ ሟቹ ደግ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ የአገር ዋርካ እንደነበሩ ሰፊ ንግግር አደረገ። ሟች ሴት ነበሩ። መኪና ውስጥ ገብተው ሲጠያየቁ ሴትየዋን የሚያውቅ አንድ ሰው አልተገኘም፤ አባባ ሙሄም የማውቀው ሰው ሰፈር ሌላኛው ድንኳን ያለበት ሳይሆን አይቀርም አሉ። ሌላውን ድንኳን አይተው እንዳይወርዱ፣ እስኪያልፉት ድረስ ዙቤይዳ የመስኮቱን መጋረጃ ዘግታ ያዘች።

ኮምቦልቻ ደግሞ ቁርስ ተባለ። ቲቸር አሁን ሻይ ጠጥታችሁ የለም ወይ ቢሉ ማን ይሰማል። ፉል እስኪደርስ፣ ይበልጣል ፉሉ ዘይት በዛበት ብሎ እስኪያስቀይር ሌላ ሰዓት ሄደ። የሐረጎን ዳገት ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብለው ደሴ ሲገቡ አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

በውእቱ ሰዓት ይበልጣል ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያለ መኪናውን መራ። ፈይሩዝ ስልኩ ሌላ ቦታ ነው የሚያሳየው ብትል፣ እኔ ሦስት ቀን ምሳ የበላሁበትን ስልክ ያስተምረኛል ወይ አላት። በመጨረሻም ከአንድ ትልቅ ግቢ ፊት አስቆመ። ግቢው ውስጥ ረጅም፣ አሮጌ፣ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ቆሟል። ጥበቃው ከሩቅ የመጣ እንግዳ አላሳፍርም ብሎ በሩን ከፈተ። ለምን እንደመጡ አልጠየቀም። ይበልጣልም ባነሩን ለሁለት ሰው አስይዞ፣ ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ እንዲህ ሲል ዐወጀ፦

«ክቡራን ጎብኚዎች! እነሆ አይጠየፍ! ቲቸራችን ሀዲጃ በዘጠነኛ ክፍል እንደነገሩን፦ ትልቅ ነው፣ በሩ ሰፊ ነው፣ ከውስጥ ይቀዘቅዛል። ለስልጠና መጥቼ እግሬን እንዳስገባሁ ያወቅሁት በዚህ ነው። የሚጠራጠር ካለ ቲቸር እዚሁ አሉ፤ ምስክር ናቸው።»

አሥራ ሦስት ራስ ወደ ቲቸር ሀዲጃ ዞረ።

ቲቸር ሀዲጃ ቤቱን አዩት። ትልቅ ነው። በሩ ሰፊ ነው። ከውስጥ ብርድ ይመጣል። ከበሩ ሥር ግን የእህል ሚዛን ቆሟል፤ ከግድግዳው ሥር ጆንያ ተደርድሯል፤ አንዱ ተቀዶ በቆሎ ፈሷል፤ ዶሮ ትለቅመዋለች። በመጽሐፉ ላይ ካለው ሥዕል ጋር የሚመሳሰለው ጣሪያና ግድግዳ ያለው በመሆኑ ብቻ ነው። ሰዓታቸው አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ይላል። አዎ ነው ቢሉ ማንም አያውቅም፤ ፎቶው ይነሣል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይመለሳል፣ እሳቸውም እንደታፈሩ ይኖራሉ። አይደለም ቢሉ ደግሞ ጥያቄው ይመጣል፦ የነገሩን ሁሉ ገጥሞ ሳለ እንዴት አይደለም? ሠላሳ ሁለት ዓመት የተከማቸ ውሸት እዚያ በቆሎው አጠገብ ቆሞ ጠበቃቸው። ይህንን የውሸት ግመል የወለዱት እሳቸው ናቸው፤ ይበልጣል የጫነበት ብቻ ነው።

ሄደው ድምፅ ማጉያውን ከእጁ ወሰዱ። የነኩት ቁልፍ የተሳሳተ ነበርና መጀመሪያ ሳይረን ጮኸ፤ ዶሮዋ ሸሸች፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መለሰ። ከዚያ በክፍል ድምፃቸው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«ስሙ። አይጠየፍን አይቼው አላውቅም። ይሄ ልጅ ሲጠይቀኝ አፍሬ ዋሸሁ፤ ከዚያም በየዓመቱ ዋሸሁ። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይሄ የእህል መጋዘን ነው። አይጠየፍ ሊዘጋ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል፣ እኔ ሄድኩ።»

ከቀድሞ ተማሪዎቹ አንዱ፣ በአይጠየፍ ጥያቄ አምስት ማርክ የተቆረጠበት፣ አምስት ጣቱን ዘርግቶ አሳያቸው። አባባ ሙሄ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና ማጉያውን ለመኑ። እሳቸውም፦ «እኔም። ለሚስቴ ሁለቴ አይቼዋለሁ ብያታለሁ፤ አላህ ይማራት፣ አምና ነው የሞተች» አሉ። ዙቤይዳ ተቀብላ፦ «እኔ ደሴን ራሷን በመኪና መስኮት ነው የማውቃት። ሰዓቱ ሄደ፣ ግቡ» አለች። ከዚያ ማጉያው እየተላለፈ ሁሉም እንደ ተራው ተናዘዘ፤ ከሠራዊቱ መካከል አይጠየፍን ያየ አንድ ስንኳ አልነበረም፤ አላየሁም ብሎ የሚያውቅም አንድ አልነበረም። ጥበቃው ሳይቀር ተቀብሎ፣ ደሴ ተወልጄ ገብቼበት አላውቅም አለ። እሱን ማን ጠየቀው?

ይበልጣል ብቻ አልተናዘዘም። የስልጠናው ሰርተፊኬት ቤቴ ተሰቅሏል፣ ቢያንስ ፎቶውን እንነሣና እንሂድ እያለ ባነሩን ይዞ ቆመ። ነገር ግን አራት ሜትር ባነር አንድ ሰው ብቻውን አይዘረጋውም፤ የወዲያኛውን ጫፍ የያዙት ጥለውት መኪና ገብተዋል። ጠቅልሎት ሮጠ። የኋላ ወንበር ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ከዘንቢሉ አጠገብ።

አሁን ቲቸር ሀዲጃ ከዑመር አጠገብ ተቀመጡ። ፈይሩዝ ካርታውን አነበበች፣ ዑመር ጥሩምባውን ነፋ፣ ፍየልም ባጃጅም መንገድ ለቀቀ። አንድ መታጠፊያ አለፉት፤ ቲቸር ተመለስ አሉ፣ ተመለሰ። አባባ ሙሄ በሹክሹክታ፣ ከጠዋት ጀምሮ እኚህ ቢመሩን ይሄኔ አይተን ምሳ በልተን ነበር አሉ። ሹክሹክታቸው እንደሌላ ሰው ጩኸት ነው፤ የኋላ ወንበር ደረሰ።

አዳራሹ በር ሲደርሱ አምስት ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ነበር። በር ላይ ያለው ሰው እናቴ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው ያለዎት አለ። ቲቸር ሀዲጃ ሻርፓቸውን አስተካክለው ገቡ።

ገብተው መካከል ላይ ቆሙ። ሠራዊቱ ከኋላቸው ግር ብሎ ገባና እሳቸውን አይቶ ቆመ። ራሳቸውን ቀና አድርገው ጣሪያውን ተከተሉት፤ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ ወለሉን፣ እንደ ፈተና ወረቀት ከላይ ወደ ታች፣ መስመር ሳይዘሉ አዩት። መጽሐፉ ያልጻፈው ነገር ነበር፤ በሩ ሲከፈት የገባው የቀትር ብርሃን እስከ እግራቸው ደርሶ ቆሟል። እዚህ ተቀምጦ የበላው ሕዝብ ሁሉ ልክ አሁን ተነሥቶ የወጣ ይመስላል። ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሲናገሩ አንድም ጊዜ እዚህ የበላውን ሰው አንሥተው እንደማያውቁ ልብ አሉ፤ ሁሌ ሕንጻ ነበር ያስተማሩት።

ይበልጣል ግን ይበልጣል ነው። ከጎናቸው መጣና ማጉያውን ዘርግቶ፣ ቲቸር ስለ አዳራሹ ጥቂት ማብራሪያ ለጎብኚዎች አለ። ቲቸር ሀዲጃ ማጉያውን አልያዙም፤ ዞረውም አላዩትም። የዚያን ቀን የመጨረሻውን አዋጅ ያለ ማጉያ በራሳቸው ድምፅ ዐወጁ፦

«ዝም በል። እያየሁ ነው።»

ዝም አለ። አሥራ አንዱም ደቂቃ እስኪያልቅ አንድ ሰው አልተናገረም፤ ይህም ከከሚሴ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ነው።

በሳምንቱ ሪፖርቱ ወጣ። በአቶ ይበልጣል አስጎብኚነት በአንድ ቀን ሁለት ቅርሶች በተሳካ ሁኔታ ተጎበኙ ይላል፤ የአንደኛው ስም አልተጠቀሰም። ሐርቡ ላይ ማኅበራዊ ኃላፊነት ተወጥተናልም ይላል። ማኅተም አለው።

እንግዲህ ስብሐት ለቲቸር ሀዲጃ፣ ለከሚሴ ብርሃን፣ ለሐረጎ አቋራጭ፣ ለመጋዘን ገላጭ፤ ድምፅ ማጉያ ነጥቀው ራሳቸውን ለከሰሱ፣ ከፊታቸው አስጎብኚ፣ ከኋላቸው ንፍሮና ፉል ተጭኗቸው ሳለ ለደረሱ፤ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አላውቅም ማለትን ለጀመሩ። የሌሎች ነገሥታት ዜና መዋዕል በብዙ ድል ይረዝማል። የሳቸው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ግን በዓይናቸው ያዩት ነው።